ክብደትን ስለ መያዝ፤ ከሴባስቶፖል ሠረገላ እስከ ጭነት መኪና የኋላ በር

ባለፈው ክረምት በመካነ ሰላም አንድ የጭነት መኪና ቆሞ ነበር። የኋላ በሩ ወደ ላይ የሚከፈት፣ ከብረት የተሠራና እጅግ ከባድ ስለ ኾነ፣ ረዳቱ በሩን ከፍቶ በባሕር ዛፍ እንጨት ይደግፈው ነበር። አንድ ቀን እንጨቱ በጭቃ ላይ ተንሸራተተ፤ በሩም ወርዶ የረዳቱን ክንድ ሰበረው። ከዚያ በኋላ ባለመኪናው ወደ ጋራዥ ወስዶ በጋዝ የሚሠሩ ኹለት ደጋፊ ዘንጎች አስገጠመ። ዛሬ በሩ በአንድ እጅ ይነሣል፤ ሲወርድም በቀስታ ነው።

ይህን ባየሁ ጊዜ በትምህርት ቤት የተማርነው የዓፄ ቴዎድሮስ ታሪክ ትዝ አለኝ። ከባድ ዕቃን ማንሣት አንድ ነገር ነው፤ የተነሣውን መያዝና በልክ ማውረድ ግን ሌላ ነገር ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በምዕራብ ወሎ ደጋና በአካባቢው ይህ ኹለተኛው ሥራ በምን እንደ ተሠራ፣ ዋጋውንም ማን እንደ ከፈለ ማሳየት ነው።

ዓፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያስቀመጧቸውን አውሮፓውያን የእጅ ጥበብ ሠራተኞች መድፍ እንዲሠሩ አዘዟቸው። ከእነርሱ መካከል ዋልድማየርና ሞሪትዝ ሆል ይገኙበታል። ሰዎቹ መጀመሪያ ሥራውን አናውቅም ቢሉም፣ ንጉሡ ስላልተዉአቸው እየሞከሩና እየተሳሳቱ ተማሩት። ከሥራዎቻቸው ኹሉ የሚበልጠው ሴባስቶፖል የተባለው ሲኾን፣ ክብደቱ ወደ 7 ቶን እንደሚደርስ ይነገራል።

ንጉሡ መስከረም 30 ቀን 1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በቀጥታ መስመር ቢለካ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጉዞው ግን ወደ 6 ወር ፈጀ። ርቀቱ ለቀኖቹ ቢካፈል ለአንድ ቀን አንድ ኪሎ ሜትር አይደርስም። ምክንያቱ መንገዱ ያልነበረ መኾኑ ነው። መንገዱ ከመድፉ ፊት ፊት እየተቈረጠ፣ ድንጋዩ እየተፈነቀለ መሠራት ነበረበት፤ ንጉሡም ራሳቸው ከሠራተኞቹ ጋር ይሠሩ ነበር።

ከዋድላ ሜዳ ወደ ጅዳ ወንዝ፣ ከደላንታም ወደ በሺሎ የሚወርደው ገደል እጅግ ጥልቅ ነው። በሺሎ የእኛንም አገር ውሃ እየሰበሰበ ወደ ዓባይ የሚገባ ወንዝ ስለ ኾነ፣ የቦረና ልጅ ኹሉ ቁልቁለቱን ያውቀዋል። በዚህ ሥፍራ አቀበቱ ሰውን ያደክማል፤ ቁልቁለቱ ግን ይገድላል። ነገሩ በቀላል ስሌት ሊታይ ይችላል። በየ5 ሜትሩ አንድ ሜትር በሚወርድ መንገድ ላይ 7 ቶን መድፍ፣ የሠረገላው ክብደትና የመንኰራኵሩ መፈተግ ሳይቈጠር፣ 1400 ኪሎ በሚያህል ኃይል ወደ ታች ይስባል። አንድ ሰው በገመድ 25 ኪሎ ቢይዝ፣ ለመያዝ ብቻ 56 ሰዎች ከኋላ መቆም አለባቸው። መንገዱ በሚጠመዘዝበት ቦታ ኹሉም እኩል መያዝ ስለማይችሉ፣ ቍጥሩ ከዚህም ይበልጣል። ጠፍሩን የጨበጠው እጅ ቢላቀቅ ሠረገላው ከፊት ያሉትን ይዞ ገደል ይገባል። እንግዲህ በዚያ ዘመን የሠረገላው ፍሬን የሰው አካል ነበር ማለት ነው።

በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር አዛዥነት ከዙላ ተነሥቶ ወደ መቅደላ መጣ። ከባድ መድፎቹን ከህንድ ባመጣቸው 44 ዝሆኖች አስጫነ። ይህ ጦር የጅዳንና የበሺሎን ገደል የወረደው ዓፄ ቴዎድሮስ ባሠሩት መንገድ ነው። ለሴባስቶፖል የተጠረገው መንገድ ጠላትንም ጠቀመው፤ የታሪክ ምጸት ይህ ነው።

ሚያዝያ 3 ቀን በስቅለት ዕለት በአሮጌ ላይ ጦርነት ተደረገ፤ ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ተያዘ፤ ንጉሡም በገዛ እጃቸው ሞቱ። ሴባስቶፖል ድሉን አላመጣም። እስከ ዛሬም በመቅደላ ይገኛል፤ ምስሉ ደግሞ በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል።

በትምህርት ቤት የምንማረው ስለ ንጉሡና ስለ መድፉ ነው። መድፉን ያቀለጡት ሰዎች ስም ሲጻፍ፣ ጠፍሩን ከኋላ የያዙት ሰዎች ስም ግን አልተጻፈም። እኔ በዚህ ላይ የምለው አለኝ። ንጉሡ መንገድና መድፍ መውደዳቸው የሚያስመሰግናቸው ነው። ነገር ግን ክብደቱን የሚይዝ መሣሪያ ሳይኖር ክብደቱ ስለ ተሠራ፣ ጕድለቱን የሞላው የድኻው ጕልበት ነው።

አሁን ወደ መኪናው በር እንመለስ። ደጋፊው ዘንግ በውስጡ ናይትሮጂን ጋዝ በብዙ ግፊት የታመቀበት፣ ጥቂት ዘይትም ያለበት የብረት ቱቦ ነው። ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር የኾነ ዘንግ በ100 ባር ግፊት ወደ 80 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ወደ ውጭ ይገፋል። ጋዙ በሩን ይሸከማል፤ በፒስተኑ ጠባብ ቀዳዳ የሚያልፈው ጋዝና ዘይት ደግሞ ያዘገየዋል። ስለዚህ መካኒኩ በሩ በተዘጋ ጊዜ ዘንጉ ወደ ታች፣ ቱቦው ወደ ላይ እንዲኾን ይገጥመዋል፤ ዘይቱ ማጥበቂያውን ጎማ እንዳይደርቅ ይጠብቀዋልና። ማሰሪያው ወደ ማጠፊያው በቀረበ መጠን የሚያስፈልገው ኃይል ይበዛል። 60 ኪሎ የሚመዝን በር የክብደቱ መካከል ከማጠፊያው በ1 ሜትር ቢርቅና ዘንጎቹ በ25 ሳንቲ ሜትር ላይ ቀጥ ብለው ቢገፉ፣ ኹለቱ በአንድነት 240 ኪሎ መግፋት አለባቸው። ደግሞም የደጋው ብርድ ከ20 ዲግሪ ወደ 0 ሲወርድ ከጋዙ ኃይል 7 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ በቈላ የበቃው ዘንግ በመካነ ሰላም ማለዳ ላይበቃ ይችላል። በመግጠም ላይ ሳሉም በሩን በጠንካራ ድጋፍ ሳያስደግፉ ከሥሩ መቆም አይገባም።

ከጠፍሩ እስከ ጋዙ ያለው ለውጥ ሲታሰብ ትንሽ ይመስላል፤ ረዳቱ ግን እንደዚያ አይመስለውም። ክንዱ ድኖ ወደ ሥራው ተመልሷል። የመሣሪያ ታሪክ ለእኛ ጥቅም የሚሰጠው፣ ስለ ማንሣት ብቻ ሳይኾን ክብደቱ በማን ላይ እንደ ወረደ ስንጠይቅበት ነው።