እርሳስ፣ ባሩድና ነጻነት

በ1879 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ነጋዴና ባለቅኔ አርቱር ራምቦ በአፈሙዝ የሚጎርሱ 2 ሺህ ያህል ያረጁ ጠመንጃዎች ለምኒልክ ሊሸጥ እንጦጦ ሲደርስ፣ ከተራራው ሥር ያለው ሜዳ አዲስ አበባን ገና መያዝ የጀመረ ነበር። የዘመኑን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ጠመንጃ መቁጠር ይወዳሉ፤ ስንት እንደገባና ከማን እንደተገዛ ይዘረዝራሉ። እኔ ግን የአገር አቅም የሚለካው በጥይት ነው እላለሁ። ጠመንጃ አንዴ ተገዝቶ ለልጅ ልጅ ይተርፋል፤ ጥይት ግን በየተኩሱ ያልቃል።

ለዚህ ዋናው ምስክር ውጅግራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1874 በፈረንሳይ የወጣው ይህ ባለ 11 ሚሊሜትር ጠመንጃ በወረቀት የተጠቀለለ 25 ግራም እርሳስ በ5.25 ግራም ጥቁር ባሩድ ይተኩሳል። እርሳስ በ327 ዲግሪ ስለሚቀልጥ የባለእጅ ከሰል ይበቃዋል፤ ባሩድም ከድኝ፣ ከከሰልና ከአፈር ከሚወጣ ጨው በአገር ውስጥ ይቀመም ነበር፤ ባዶው ቀለህም ተመልሶ ይሞላል። ልፋቱ ያለው ዒላማን በመምታቱ ላይ ነው። አረሩ ከበርሜሉ ከቀጠነ ጋዙ በጎኑ ያመልጣል፣ በበርሜሉ ውስጥ ያለውን ጠመዝማዛ ቦይም በወጉ አይዝም። ሲቀልጥ ሆዱ ውስጥ አየር ከቀረ ሚዛኑን ስቶ ይዋልላል። የባሩዱ ልክ ከቀለህ ቀለህ ከተለያየ ደግሞ አንዱ ጥይት ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ይላል። ስለዚህ አልሞ መምታት የሚጀምረው ከተኳሹ ዓይን አስቀድሞ በቅርጽ ማውጫውና በሚዛኑ ላይ ነው።

የአገር ቤት ባሩድ ጭሱ ይበዛል፣ በርሜል ያቆሽሻል፣ ከፋብሪካ ጥይት ጋር አይወዳደርም የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን ጥይት ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን መገበያያ በነበረበት አገር፣ የሳተ ጥይት የባከነ ገንዘብ ነበር፤ ይህም ተኳሹን ቀርቦና ታግሶ መተኮስን ያስተምረው ነበር። የዓድዋ ድል የተገኘው ከውጭ በተገዛ ጥይት ነው የሚለው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል። እሱም ልክ ነው፤ ሆኖም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተተኮሰው ጥይት የገባው የግዢው በር ክፍት ስለነበረ ነው። ወደ አፍሪካ የሚገባውን መሣሪያ የሚገድበው እ.ኤ.አ. የ1890ው የብራስልስ ስምምነት እንኳ ኢትዮጵያን አልዘጋባትም።

ይህ በር በሌላ ሰው እጅ እንደነበረ የታወቀው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣው ባለ 8 ሚሊሜትሩ ለበን ጠመንጃ ጭስ አልባ ባሩድ ይጠቀማል፤ ፍጥነቱን ባዶ እርሳስ ስለማይችለው አረሩ የብረት ልባስ ያስፈልገዋል፤ ባሩዱም የኬሚካል ፋብሪካ ይሻል። ከውጅግራ አርቆና አጥብቆ ይመታል፤ ባለቤቱን ግን ከሻጩ ጋር ያስራል። እ.ኤ.አ. በ1935 ብሪታንያና ፈረንሳይ በጣሊያንና በኢትዮጵያ ግጭት ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም ሲሉ፣ ጣሊያን የራሷ ፋብሪካ ነበራት፤ ክልከላው የጎዳው ኢትዮጵያን ነው። ከዚያ አስቀድሞ ምኒልክ ባለእጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያወጁት ያለ ምክንያት አልነበረም፤ የተናቀው ቀጥቃጭ የመከላከያ አቅም አካል ነበርና። እርሳስ አቅልጦ፣ ባሩድ መዝኖ ያረጀ ጠመንጃ ዒላማ እንዲመታ ያደረገ ሰው በጦር ታሪካችን ከአዝማቹ ጎን ሊጻፍ ይገባዋል።