በአራተኛው ፎቅ ላይ ያለው ቤተ መቅደስ

ስደተኛ በሰው አገር ቤት ሲሠራ የመመለስ ተስፋውን ቀበረ ማለት ነውን? ይህ ጥያቄ በማኅበራችን ስብሰባዎች ላይ ተደጋግሞ ተነሥቷል። አንደኛው ወገን ገንዘባችንን አዋጥተን እዚሁ ኮሎምበስ፣ በዩኒቨርሲቲ ዲስትሪክት ውስጥ፣ ለመሰብሰቢያና ለመዛግብት ማኖሪያ የሚሆን ቤት እንግዛ ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ቤት መግዛት ስደትን ዘላቂ አድርጎ መቀበል ነው፤ ዛሬ እዚህ ጡብ የገዛ ነገ ስለ አገሩ ለመናገር አፉ ይተሳሰራል ሲል ይመልሳል። ሁለቱም ወገኖች የሚከራከሩት ጉዳዩ በእኛ የተጀመረ ይመስል ነው። ነገር ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ በዚሁ አገር ያንኑ ጥያቄ ያነሡ፣ መልሱንም በእንጨትና በጡብ የሰጡ ሰዎች ነበሩ። ይህ ጽሑፍ ስለ እነርሱ ነው። (የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በትምህርት ዕረፍት ጊዜ አራት ሆነን ወደ ሳን ፍራንሲስኮ በተጓዝን ጊዜ የቻይናውያኑን ሰፈር፣ ቻይናታውንን፣ ለመጎብኘት አስበን ነበር። ሰፈሩ የሚገኘው ከባንኮችና ከሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎች ሥር ነው። በግራንት አቬኑ የሚሄድ እንግዳ ጫፋቸው ወደ ላይ የተቆለመመ ጣሪያዎችን፣ በቀይና በአረንጓዴ ቀለም ያሸበረቁ ማማዎችን ያያል፤ ቤተ መቅደሱ ይህ መሆን አለበት ብሎም ፎቶግራፍ ያነሣል። እኛም አንሥተናል። ሆኖም እነዚያ ሕንፃዎች ሲሠሩ ጀምሮ የንግድ ቤቶች ናቸው። ኤፕሪል 18 ቀን 1906 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥና ተከትሎት የመጣው ቃጠሎ ሰፈሩን አመድ ባደረገው ጊዜ፣ የከተማው ሹማምንት ቻይናውያኑን ከመሐል ከተማ አንሥተው ወደ ዳርቻው፣ ሐንተርስ ፖይንት ወደሚባለው ስፍራ፣ ሊወስዷቸው ዐቀዱ። የቻይና መንግሥት ተቃወመ፤ ኪራይ የሚቀርባቸው ነጮች የመሬት ባለቤቶችም አልወደዱትም። ሉክ ቲን ኢላይ የተባለውን ነጋዴ የመሰሉ ብልሆች በበኩላቸው ነጮች አርክቴክቶችን ቀጥረው፣ ነጭ ጎብኚ «ቻይና» ብሎ በሐሳቡ የሚስለውን ዐይነት ጣሪያ በሱቆቻቸው ላይ አሠሩ። ሰፈሩ የገቢ ምንጭ ከሆነ ማን ያፈርሰዋል? ዕቅዱ ከሸፈ፤ ሰፈሩም በቦታው ቀረ። ለሌላው ዐይን ተብሎ የተሠራ ጌጥ ሰፈር ማዳኑን መካድ አይቻልም።

እውነተኛው ቤተ መቅደስ ያለው ከግራንት ጎን ለጎን በሚሄድ ዌቨርሊ ፕሌስ በሚባል አጭር መንገድ ላይ፣ በቁጥር 125 ነው። ከመንገድ ሲያዩት ሰገነቶቹ ቀለም የተቀቡ ተራ ፎቅ ቤት ነው። በጠባብ ደረጃ እስከ አራተኛው ፎቅ ይወጣል፤ ዕጣኑ ገና ደረጃው ላይ ሳሉ ይቀበልዎታል። በውስጡ የሰጪዎች ስም የተጻፈባቸው ወረቀቶች የተንጠለጠሉባቸው ቀያይ ፋኖሶች ጣሪያውን ሞልተውታል፤ በመሠዊያው ፊት ብርቱካን ተቀምጧል፤ ፎቶግራፍ ማንሣት ክልክል ነው። ከእኛ አንዱ እንደ አገሩ ልማድ ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ ቢል፣ በሩ አጠገብ የተቀመጡት ባልቴት በእጃቸው ምልክት ተወው አሉት። (ቤተ ጣዖት የሚለውን ቃል ትተን ቤተ መቅደስ ያልነው ባልቴቲቱን አስበን ነው። የካሊፎርኒያ ነጮች በዚያን ዘመን ጆስ ሐውስ ይሉት ነበር፤ ጆስ የሚለው ቃል ከፖርቱጋልኛ «አምላክ» የተበላሸ ነው።)

ቤተ መቅደሱ ቲን ሃው ይባላል፤ የሰማይ ንግሥት ማለት ነው። በ1852 እንደተመሠረተ ይነገራል። ንግሥቲቱ በሌላ ስሟ ማዙ ናት፤ በአሥረኛው መቶ ዓመት በፉጂያን ጠረፍ የተወለደች፣ መርከበኞችን ከማዕበል ታድን የነበረች ልጃገረድ እንደነበረች አፈ ታሪኩ ይተርካል። ወርቅ ተገኘ የሚለው ወሬ ከተሰማ በኋላ የደቡብ ቻይና ገበሬ በብድር ትኬት መርከብ ላይ እየታጨቀ ሰላማዊ ውቅያኖስን ያቋርጥ ነበር፤ በ1852 ብቻ ወደ 20,000 የሚጠጉ ቻይናውያን ካሊፎርኒያ ገብተዋል። እንዲህ ያለው ሰው ከመርከብ ሲወርድ በመጀመሪያ የሚያመሰግነው የባሕርን አምላክ መሆኑ አያስደንቅም። በ1906 ሕንፃው ተቃጠለ፤ የንግሥቲቱ ምስል፣ ደወሉና የመሠዊያው ከፊል ግን ተርፈው፣ አሁን ያለው ቤት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲሠራ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጡ።

አምላክ ለምን ላይኛው ፎቅ ላይ ይቀመጣል? ከራሱ በላይ የሰው እግር እንዳይረግጥ፣ ለሰማይም እንዲቀርብ ነው ይላሉ። በዚህ ሰፈር የተለመደው አሠራር ከታች ሱቅ፣ ከመካከል የማኅበር ጽሕፈት ቤት፣ ከላይ መሠዊያ ነው፤ የታችኛው ኪራይ የላይኛውን ዕጣን ይገዛል። እኛ ሐበሾችም ጣሪያ ላይ የሚኖር ቤት እንዳለን አስታወስን፤ በኢየሩሳሌም በጎልጎታው ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ያለው ዴር ሱልጣን። ወደዚያ እንመለሳለን።

ከዕጣኑ ይልቅ የእኛን ቀልብ የሳበው ግን ማኅበሩ ነው። ቲን ሃውን የሚያስተዳድረው ሱ ሂንግ የተባለ የመረዳጃ ማኅበር ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ ቻይናውያኑ በመጡበት አውራጃ እየተሰባሰቡ እንዲህ ያሉ ማኅበራት አቋቁመዋል፤ ዋና ዋናዎቹ ተባብረው ስድስቱ ኩባንያዎች ተባሉ። አዲስ መጤውን ወደብ ላይ ይቀበላሉ፤ መኝታ ይሰጣሉ፤ ሥራ ያፈላልጋሉ፤ ጠብ ያበርዳሉ፤ በፍርድ ቤት ጠበቃ ያቆማሉ። የሟችን አጥንት ደግሞ ከዓመታት በኋላ ከመቃብር አውጥተው፣ አጥበው፣ በሣጥን አሽገው በሆንግ ኮንግ በኩል ወደ ትውልድ መንደሩ ይልካሉ። ዕድርንና የአውራጃ መረዳጃ ማኅበራትን ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህ ሁሉ እንግዳ አይደለም።

ይሁን እንጂ ማኅበራቱን ቅዱሳን አድርጎ ማቅረብ ታሪክን መሸምጠጥ ይሆናል። መሪዎቹ ነጋዴዎች ነበሩ። ከመርከብ ድርጅቶች ጋር በመስማማት፣ ዕዳውን መክፈሉን የሚያረጋግጥ የማኅበር ወረቀት ያልያዘ ሠራተኛ የመመለሻ ትኬት እንዳይሸጥለት ያደርጉ ነበር። ይህም ማለት ወደ አገር ቤት የሚወስደው በር ቁልፍ በአበዳሪው እጅ ነበር ማለት ነው። በሴራ ኔቫዳ ተራሮች ውስጥ የባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ የዋለው ወዝአደር በ1869 ሥራው ሲያልቅ ዕዳው ገና አላለቀም። ያው ወዝአደር ግን ከቀን ሙያተኛነቱ ቀንሶ ለመሠዊያው አዋጥቷል። ለሰጠው ገንዘብ ያገኘው ምንድን ነው ብለን ብንጠይቅ፣ ስሙ የተጻፈበት ወረቀትና አጥንቱ እንደማይቀር የተሰጠው ተስፋ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ነጥብ ይህ ነው፦ ቤተ መቅደሱን የሠሩት ሰዎች የመመለስ ሐሳብ የነበራቸው፣ ሞተው እንኳ ለመመለስ የከፈሉ ሰዎች ነበሩ። ቤት መሥራትና መመለስን አንዱ ሌላውን እንደሚያጠፋ አድርገው አላዩም።

በ1882 የወጣው ሕግ ቻይናዊ ሠራተኛ ወደ አሜሪካ እንዳይገባ አገደ፤ ዜግነት ማግኘትንም ከለከለ። ነጋዴ፣ መምህርና ተማሪ ከእገዳው ውጭ ነበሩ። ተማሪ ምንጊዜም በሌላ በር የሚገባ ስደተኛ ነው፤ ይህን ቦሌ ላይ የተሰናበቱን ሁሉ ያውቁታል። የ1906ቱ ቃጠሎ በዚህ ሕግ ላይ ያልታሰበ ቀዳዳ ከፈተ። የከተማው የልደት መዝገብ ተቃጠለና፣ ብዙ ቻይናውያን እዚሁ ተወልጃለሁ ብለው ዜግነት ጠየቁ፤ መዝገብ ስለሌለ የሚያስተባብል አልነበረም። ዜጋ የሆነው አባት በቻይና የተወለደ ልጁን የማስገባት መብት አገኘ፤ ልጅ የሌለው ደግሞ ስሙን ሸጠ። «የወረቀት ልጆች» የተባሉት እነዚህ ናቸው። መንግሥት በበኩሉ ከ1910 እስከ 1940 በኤንጀል ደሴት ላይ እያሰረ በመንደርህ ስንት ቤት አለ፣ የውኃ ጉድጓዱ በየት በኩል ነው እያለ መረመራቸው። እነርሱም መልሱን በቃል አጥንተው መጡ፤ የታሰሩበትንም ግድግዳ ግጥም ቀረጹበት።

አሁን ወደ ዴር ሱልጣን እንመለስ። በ1838 በኢየሩሳሌም በገባው ወረርሽኝ መነኮሳቶቻችን ካለቁ በኋላ መጻሕፍታቸውና ሰነዶቻቸው ተቃጠሉ። በሳን ፍራንሲስኮ የወረቀት መቃጠል ለስደተኛው መብት አስገኘለት፤ በኢየሩሳሌም የወረቀት መቃጠል የያዝነውን ገዳም የእኛ ስለመሆኑ ማስረጃ አሳጣን። ክርክሩ እስከ ዛሬ ዕልባት አላገኘም። ልዩነቱ ከየት መጣ? የተቃጠለው የማን ወረቀት ነው ብሎ መጠየቅ ይበቃል። በአንደኛው ቦታ የነደደው የገዢው መዝገብ ነው፤ በሌላው የተገዢው። መነኮሳቱ ሞተው ባዶ የቀረ ቤት የራሱን ሰነድ ሊጠብቅ አልቻለም። ቻይናውያኑ ግን መዝገባቸው ቢነድም ማኅበራቸው በሕይወት ነበረ፤ ማን የማን ልጅ እንደሆነ የሚያውቅ፣ ሲያስፈልግም የማያውቅ።

ከቲን ሃው ሌላ፣ በስቶክተን መንገድ ላይ ኮንግ ቻው የተባለው ቤተ መቅደስ አለ፤ በ1977 ከቀድሞ ቦታው ተዛውሮ ነው እዚያ የገባው፤ ከሥሩ ፖስታ ቤት ይገኛል። የሚመለከው በሦስቱ መንግሥታት ዘመን የነበረው ጦረኛ ጓን ዩ ነው፤ የታማኝነትና የመሐላ አምላክ። የፖለቲካ ተማሪዎች ስለሆንን ነው መሰል፣ ወደ እርሱ ይበልጥ አዘነበልን። የሱን ያት ሴን ስደት ያለፈው በዚሁ ሰፈር ነው፤ በ1904 ወደቡ ላይ ታግዶ ሳለ ያስፈቱት ቺ ኩንግ ቶንግ የተባለው የምሥጢር ማኅበር ሰዎች ናቸው፤ በኋላም ለአብዮቱ ገንዘብ አዋጥተዋል። ኦክቶበር 10 ቀን 1911 በዉቻንግ አብዮቱ ሲፈነዳ ግን ሱን በኮሎራዶ፣ በዴንቨር ከተማ ነበር። መሪው በሌለበት የተጀመረ አብዮት ነው። እኛን የመሰለ ስደተኛ ይህን ሲያነብ ቢከፋው አይፈረድበትም፤ ነገር ግን ሱን ገንዘቡን ያገኘው ከማኅበር አዳራሾች መሆኑንም አብሮ ያንብብ።

እገዳው በ1943 ሲነሣ የተፈቀደው በዓመት 105 ሰው ብቻ ነበር። ሰፈሩ አርጅቶ ቲን ሃው በ1955 ተዘጋ። የሚጠብቀው ማኅበረሰብ ያጣ ቤተ መቅደስ ምን እንደሚሆን ለማየት ወደ ሰሜን ካሊፎርኒያ መሄድ ነው፤ በ1863 የተሠራው የኦሮቪል ቤተ መቅደስ ሙዚየም ሆኗል፤ በ1874 የተሠራው የዊቨርቪል ቤተ መቅደስ የመንግሥት ታሪካዊ ፓርክ ነው። ቲን ሃው ግን የተዘጋው በማኅበሩ እጅ ሳለ ነው። የጥቁር ሕዝብ ትግል ባነቃነቀው ዘመን የወጣው የ1965 ሕግ የዘር ኮታን ሲሽር አዲስ ስደተኛ መጣ፤ በ1975 በሩ ተከፈተ። ለእኛም የአሜሪካን በር ያሰፋው ያው ሕግ ነው።

ያ 1975 በአገራችን የገጠር መሬት አዋጅ የታወጀበት ዓመት መሆኑን አንባቢ ያስታውሳል። ከእኛ የቀደሙት የሰሜን አሜሪካ ተማሪዎች ብዙዎቹ በዚያ ወራት ሻንጣቸውን አሥረው ገቡ። ማኅበራቸው በ1971 በሎስ አንጀለስ ጉባኤ ተከፍሎ ነበር፤ በየአፓርትማው ይሰበሰብ ከነበረው ከዚያ እንቅስቃሴ የቀረው ጽሑፍ ዛሬ በግለሰቦች ሣጥንና በባዕድ ቤተ መጻሕፍት ተበትኗል። የእኛም መዝገብ በየዓመቱ ኦገስት የኪራይ ውል ሲያልቅ ከሃይ ስትሪት አንዱ ምድር ቤት ወደ ሌላው በካርቶን ይጓዛል።

የአጥንቶቹ ጉዞ በጃፓን ወረራ ተሰናከለ፤ ከ1949 በኋላም ተቋረጠ። በጉዞ ላይ የነበሩ ሣጥኖች ሆንግ ኮንግ ላይ ቆሙ። ከዚያ ወዲህ የሞቱት ከሳን ፍራንሲስኮ በስተደቡብ በኮልማ ተቀበሩ፤ መቃብራቸውን በየዓመቱ ሚያዝያ መግቢያ ላይ የሚያጸዱት እነዚያው ማኅበራት ናቸው።