የሩቅ ጋላክሲ ክምችቶች የኢንፍራሬድ ጥናት

የጋላክሲ ክምችት በመቶዎችና በሺዎች የሚቆጠሩ ጋላክሲዎች በስበት ተያይዘው የሚገኙበት ግዙፍ የሰማይ አካል ነው። የክብደቱ አብዛኛው ክፍል የማይታይ ጨለማ ቁስ ሲሆን፣ በጋላክሲዎቹ መካከል በአሥር ሚሊዮኖች ዲግሪ የጋለ ጋዝ ተሰራጭቷል። ሩቅ ክምችቶችን ማግኘት የተቻለው በዋናነት በኢንፍራሬድ (ታህተ ቀይ) ጨረር ነው።

ዩኒቨርስ እየሰፋ በመሆኑ የሩቅ ጋላክሲ ብርሃን በጉዞው ሞገዱ እየተለጠጠ ይመጣል። ያረጁ ከዋክብት ብርሃን 1.6 ማይክሮን አካባቢ ጎላ ይላል፤ ብርሃኑ ከ9 እስከ 10 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ተጉዞ ሲደርሰን ግን ያ ጉልህ ክፍል ወደ 3.6 እና 4.5 ማይክሮን ተሸጋግሯል። ከባቢ አየርም ሆነ ቴሌስኮፑ ራሱ በዚህ ሞገድ ሙቀት ስለሚረጩ፣ ከምድር ሆኖ መቃኘት በጠራራ ፀሐይ ኮከብ እንደ መፈለግ ነው።

በ2003 እ.ኤ.አ. የመጠቀው ስፒትዘር የጠፈር ቴሌስኮፕ መስታወቱ 85 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበር። ሆኖም ቦኦቲስ በተባለው የኮከብ ስብስብ አቅጣጫ 8 ስኩዌር ዲግሪ ያህል ሰማይ ሲቃኝ፣ በእያንዳንዱ ቦታ 90 ሰከንድ ያህል ማተኮር በቂው ሆነ። በ2008 በወጣው ውጤት 335 እጩ ክምችቶችና ቡድኖች ተለይተዋል፤ ከእነዚህ 106ቱ ብርሃናቸው ከ7.5 ቢሊዮን ዓመት በላይ የተጓዘ ነው። የስፒትዘር ማቀዝቀዣ ሂሊየም በግንቦት 2009 ሲያልቅ የቀሩት ሁለት የሞገድ መስመሮች 3.6 እና 4.5 ማይክሮን ነበሩ። ለክምችት ፍለጋ የሚያስፈልጉት እነዚሁ በመሆናቸው ሥራው እስከ 2020 ቀጥሏል።

ከፍለጋው ዘዴዎች አንዱ በ3.6 እና በ4.5 ማይክሮን የተነሡትን ሁለት ምስሎች ማነጻጸር ነው። በ4.5 ማይክሮን ይበልጥ ደምቀው የሚታዩና በአንድ ስፍራ የተጨናነቁ ጋላክሲዎች ከሩቅ ክምችት የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። ይህ ግን ጥርጣሬ እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ በአንድ አቅጣጫ የተደራረቡ፣ ነገር ግን እርስ በርስ የተራራቁ ጋላክሲዎችም ክምችት መስለው ይታያሉ። የእያንዳንዱ ጋላክሲ ብርሃን ተበትኖ ርቀቱ እስኪለካ ድረስ እጩው እጩ ነው።

ይህን ሂደት በተሟላ ሁኔታ ያለፈው አይዲሲኤስ 1426 የተባለው ክምችት ነው። ስፒትዘር ጠቆመው፣ ሀብል የጠፈር ቴሌስኮፕና በሃዋይ የሚገኘው ኬክ የተባለው የመመልከቻ ጣቢያ ርቀቱን አረጋገጡ፣ ቻንድራ የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ ደግሞ የጋለ ጋዙን አጠና። ብርሃኑ ሲነሣ ዩኒቨርስ 3.8 ቢሊዮን ዓመት ገደማው ነበር፤ ክብደቱ ግን ያኔውኑ 500 ትሪሊዮን ፀሐይ ያህል ደርሷል።

ከጥናቱ ግኝቶች ትልቁ ግምት የሚገባው በከዋክብት ልደት ላይ የታየው ነው። በቅርብ ክምችቶች እምብርት የሚገኙ ጋላክሲዎች አዳዲስ ከዋክብትን መውለድ አቁመዋል ማለት ይቻላል፤ ከ9 ቢሊዮን ዓመት በፊት ግን በብዙ ክምችቶች እምብርት ልደቱ በብርታት ይካሄድ ነበር።

በ2023 ጄምስ ዌብ የተባለው ቴሌስኮፕ ከታላቁ ፍንዳታ 650 ሚሊዮን ዓመት በኋላ የነበሩ ሰባት ጋላክሲዎች በአንድነት መሰባሰባቸውን በኢንፍራሬድ አረጋግጧል። ስብስቡ ገና ያልበሰለ በመሆኑ የሚመደበው በቅድመ ክምችትነት ነው።