ከኤንትሬ እስከ ራቭ ፎር፦ የመሀል ኩሽኔታ ታሪክ

የአገራችን የመኪና ታሪክ ሲወራ ስለነገሥታቱ አውቶሞቢሎች ብዙ ይባላል። ከመኪና ሥር ተኝተው ስለኖሩት ሰዎች ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። ዕድሜዬን እዚያ ስላሳለፍኩ፣ ታሪኩን በማውቀው በአንድ ዕቃ በኩል ልናገር፤ በፕሮፔለር ሻፍት የመሀል ኩሽኔታ።

ሻፍቱ ከካምቢዮ የወጣውን ጉልበት ወደ ኋላው ዲፍሬንሻል የሚያደርስ ውስጡ ባዶ የብረት ዘንግ ነው። አጭር ከሆነ አንድ ቁራጭ ይበቃዋል። ሲረዝም ግን በፍጥነት በሚሽከረከርበት ጊዜ መሀሉ ይጎብጥና መኪናውን ያንቀጠቅጣል። ስለዚህ ለሁለት ይከፈላል፤ መሀሉም በጎማ በተከበበ ኩሽኔታ ከመኪናው ሆድ ጋር ይታሰራል። ያ ጎማ ሲሰነጠቅ ወይም ኩሽኔታው ግራሶው ሲደርቅ ማጉረምረም ይጀምራል።

የኢትዮጵያን አፈር የረገጠው የመጀመሪያው መኪና በ1900 ዓ.ም. ለዐፄ ምኒልክ የቀረበው ነው። ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ መኪናውን ይዞ ከጅቡቲ ተነሣና መንገድ በሌለበት በረሃና ተራራ አልፎ አዲስ አበባ ገባ። በዚያው ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ1907፣ ስቬን ቪንግክቪስት የተባለ ስዊድናዊ መሐንዲስ በጎተንበርግ ከተማ ኤስኬኤፍን መሠረተ። ሰውየው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ፋብሪካው የቆመበት የሸክላ አፈር ስለሚንቀሳቀስ ማሽኖቹን የሚያዞሩት ረጃጅም ዘንጎች ከመስመር ይወጡ፣ ኩሽኔታዎቹም ቶሎ ቶሎ ይበላሹ ነበር። እሱ ዘንጉ ትንሽ ቢያዘነብል አብሮ የሚያዘነብል ኩሽኔታ ሠራ። ኮረኮንች ላይ ሻንሲው ሲጠማዘዝ የመሀሉን ኩሽኔታ የሚገጥመው ችግርም ይኸው ነው።

ረጅም ሻፍት በብዛት ያየነው ግን በ1928 ዓ.ም. ከገባው የጣሊያን ጦር በኋላ ነው። ወራሪው ፊያት 634ን የመሰሉ የናፍጣ ከባድ መኪናዎች ይዞ መጣ፤ መንገድም ቆፈረ። በ1933 ዓ.ም. ሲሸነፍ መኪኖቹም፣ አንዳንድ መካኒኮቹም እዚሁ ቀሩ። የእኛ ሰዎች በጋራዦቻቸው ዕቃ አጣቢና ቁልፍ አቀባይ ሆነው ገብተው በእጅ ጥበባቸው ባለሙያ ሆነው ወጡ። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ መንገዱ ሲታደስ የጭነት ሥራውም ሰፋ። ቆይቶ የመጣውን ፊያት 682 ኤንትሬን በየመስመሩ ያላየ ኢትዮጵያዊ በዚያ ዘመን አልነበረም ማለት ይቻላል።

ሙያ ያስተማረኝ ሰው በዚያ ትውልድ እጅ ያደገ ነበር። ጋሼ እንለው ነበር። በእሱ ጋራዥ መኪና ገብቶ ወዲያው ክሪክ ሥር የሚገባበት ጊዜ አልነበረም፤ መጀመሪያ ሾፌሩ ይጠየቃል። መቼ ነው የሚጮኸው? ዳገት ላይ ነው ቁልቁለት? ጭኖ ነው ባዶውን? የደሴ መስመር ሾፌሮች መልሱን ይዘው ነበር የሚመጡት። ጣርማ በር ዋሻ ሲገቡ መስኮት ከፍተው፣ ግድግዳው የሚመልሰውን የመኪናቸውን የሥር ድምፅ ያዳምጡ ነበር። ሜዳ ላይ ነፋስ የሚወስደው ማጉረምረም እዚያ ውስጥ ጠርቶ ይሰማል።

ከዚያ ጋሼ ጎኔ ተቀምጦ «ንዳ፣ አታውራ» ይለኛል። ፍጥነት ከያዝን በኋላ ማርሹን ዜሮ ያስደርገኛል። ሞተሩ ሲረጋ ድምፁም ከረጋ፣ ጣጣው ከሞተር ወይም ከካምቢዮ በኩል ነው። ድምፁ ከጎማው ፍጥነት ጋር ከቀጠለ ወደ ኋላ እንሄዳለን። መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስናዞር የሚለዋወጥ ከሆነ የጎማ ኩሽኔታ ይጠረጠራል። ማርሽ ሲገባ «ቋ» የሚል ከሆነ ክሮቼራው፣ ማለትም የሻፍቱ መገጣጠሚያ መስቀል፣ ላልቷል። ከቆመበት ሲነሣ ወለሉን የሚያርገበግብ፣ ፍጥነት ሲጨምር ደግሞ ወደ ማጉረምረም የሚለወጥ ከሆነ ግን የመሀሉ ኩሽኔታ ነው። «ልጄ፣ ጆሮህ ያልጨረሰውን ቁልፍ አይጨርሰውም» ይለኝ ነበር። ይህን ዕውቀት በወረቀት ያሰፈረው አላየሁም፤ ከአለቃ ወደ ረዳት በጆሮ ነው የተላለፈው። እኔም የምወደው ሙያዬ ይኸው የማዳመጡ ነው።

በመሀል ግን ይህ ድምፅ ከመስክ መኪና ሠራተኛ ጆሮ የራቀበት ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 የተወለደው ላንድሮቨር ወደ ኋላ የሚሄደው ሻፍቱ አንድ ወጥ ስለነበር ክሮቼራው እንጂ የመሀል ኩሽኔታ አላስቸገረንም። የጭነት መኪና የሚሠሩት ሲሰሙት፣ የላንድሮቨር ሠራተኞች ረሱት። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣው ራቭ ፎርና መሰሎቹ መልሰው አመጡት። በእነዚህ መኪኖች ሞተሩ ወደ ጎን ተጋድሞ ከፊት ስለተቀመጠ፣ አራቱንም ጎማ የሚነዱት ላይ ወደ ኋላ የሚሄደው ሻፍት ረጅምና የተከፋፈለ ነው። አቧራችን፣ የክረምት ጭቃ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ላቫጆ ላይ ከሥር በኃይል የሚረጨው ውኃ ግራሶውን የሚያግደውን ፓራዮሊ አልፎ ግራሶውን ያጥበዋል።

ጥገናው ራሱ ከባድ አይደለም፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። መኪናው ተነሥቶ በድጋፍ ይቆማል፤ ሻፍቱ በእጅ ይዞራል፤ አሸዋ እንደሚፈጭ ከሆነ ወይም ወደ ላይና ወደ ታች ሲገፋ ብዙ ከተወዛወዘ ውሳኔው አልቋል። ከመፈታቱ በፊት የእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ሁለቱ ወገኖች ምልክት ይደረግባቸዋል፤ በነበረበት ካልተመለሰ የክሮቼራዎቹ አቅጣጫ ይዛባና አዲስ ኩሽኔታ ገብቶም ይንቀጠቀጣል። አሮጌው በፑለር ይወጣል። አዲሱ ሲገባ የሚገፋው የውስጥ ቀለበቱ ብቻ ነው፤ ውጩን የመታ ሰው ገና ከመጀመሪያው አበላሽቶታል።

አንዳንድ አምራች ኩሽኔታውን ለብቻ አይሸጥም፤ ሙሉ ሻፍት ግዙ ይላል። የእኛ ሰው ለዚህ የራሱን መላ ዘረጋ። አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ ገበያ ሄዶ፣ ኩሽኔታው ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አንብቦ አቻውን ይፈልጋል። 6206 የሚል ከሆነ የመጨረሻዎቹ 2 አኃዞች በ5 ሲባዙ የውስጥ ቀዳዳውን 30 ሚሊሜትር ይሰጣሉ፤ ውጩ 62፣ ውፍረቱ 16 ነው። መያዣው ካልገጠመ ቶርኖ ቤት ይስተካከላል። ይህን ሥራ እንደ መለጠፍ የሚያዩ አሉ፤ ልኬቱ ከተጠበቀና ኩሽኔታውን የከበበው ጎማ ጤነኛ ከሆነ ግን ሙሉ ጥገና ነው ብዬ እከራከራለሁ።

የሚያሳዝነኝ አሁን ያለው ልማድ ነው። መኪና ሲጮኽ ሳይዳመጥ የጎማ ኩሽኔታ ይለወጣል፤ አልጠፋ ሲል ዲፍሬንሻል ይወርዳል፤ ባለንብረቱ ከከሰረ በኋላ ወደ መሀሉ ይመጣል። ወጣት መካኒኮች፣ ከእናንተ የሚጠበቀው ከቁልፉ በፊት አብሮ መንዳት ነው። ባለመኪኖችም መኪናችሁን ስታስረክቡ ድምፁ መቼ እንደሚመጣና መቼ እንደሚጠፋ ተናገሩ፤ ሻፍቱ ከመፈታቱ በፊትም ምልክት መደረጉን በዓይናችሁ እዩ።