የጋን ትንፋሽ

ስለ ቢቸናና ስለ ሞጣ ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ የሚነሣው ከጠመንጃ ነው። በላይ ዘለቀ፣ ቀጥሎ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብርን ተቃውሞ የተነሣው ገበሬ። ደግ ነው፤ እኔም የቢቸና ልጅ ነኝና ደረቴን ነፍቼ አነበዋለሁ። ግን ያ ሁሉ ሰው ሲሰበሰብ የጠጣውን ማን ጠመቀው? እንዴትስ ሳይበላሽ አቆየው? ይህን የሚል ምዕራፍ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ጥያቄው የመጣብኝ አውቶቡስ ላይ ነው። ከዕረፍት ስመለስ አያቴን ለምኜ ጠላ በቢራ ጠርሙስ ሞላሁ፤ ቡሹን ወትፌ በሲባጎ ጥፍር አድርጌ አሰርሁና ሻንጣዬ ውስጥ ሸጎጥሁት። «ተው ልጄ፣ ገና አልበረደለትም፤ ጠላ ትንፋሽ አለው» ብላኝ ነበር። ቢቸና ከፍታዋ 2500 ሜትር ገደማ ነው። ደጀንን አልፈን ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድ ግን ሙቀቱ ሌላ ነው። ድልድዩ ጋ ሳንደርስ ጠርሙሱ ፈነዳ። ተሳፋሪው ተኩስ መስሎት አጎነበሰ። የታሪክ ደብተሬ ጌሾ ጌሾ እንደሸተተ ሴሚስተሩ አለቀ።

ነገሩ ምሥጢር የለውም። እርሾው ስኳሩን እየበላ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ ሲሞቀው ይፈጥናል። የጋን አፍ የሚመረገው በጭቃ ስለሆነ ግፊቱ ሲበዛ በስንጥቁ ያስተነፍሳል፤ የታሰረ ጠርሙስ ግን የት ይተንፍስ? በውጭው ዓለም ቢራ በቤታቸው የሚጠምቁ ሰዎችም ጠርሙስ ውስጥ የሚያስገቡት ፍላቱ ካለቀ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ጥቂት ስኳር ጨምረው በ20 ዲግሪ ገደማ ሁለት ሳምንት ያህል ያቆዩታል፤ ከዚያ ያቀዘቅዙታል። እኔ ቅደም ተከተሉን ገልብጨዋለሁ።

አያቴ ቴርሞሜትር አታውቅም። ጋኑን በግራዋ ታጥባለች፣ በወይራ ታጥናለች፣ ጓዳ ውስጥ ፀሐይ የማያገኘው ጥግ ታስቀምጠዋለች። ጥንስሱን በክረምት ወደ ምድጃ ታስጠጋለች፣ በበጋ ታርቃለች። መዳፏን በጋኑ ሆድ ላይ ትለጥፍና ጆሮዋን ታስጠጋለች፤ ድምፁ ዝም እስኪል ማንም አይነካውም።

ፈረንጅም ቢሆን ከሙቀት ጋር ብዙ ታግሏል። እ.ኤ.አ. በ1553 በባቫርያ ቢራ ከመስከረሙ ሚካኤል እስከ ሚያዝያው ጊዮርጊስ ብቻ እንዲጠመቅ ታዘዘ፤ በበጋቸው ይበላሽባቸው ነበርና። (ሚካኤልና ጊዮርጊስ! የእኛ ማኅበርተኞች ምነው አልሰሙ?) በ1870ዎቹ ሊንደ የማቀዝቀዣ መኪና ሠራ፤ ፓስተር በ1876 ስለ ቢራ መጽሐፍ አሳተመ። የጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በ1922 አዲስ አበባ ላይ ሲቋቋም ይህ ዕውቀት በመጽሐፍም በመኪናም ተዘጋጅቶ ነበር። ዛሬ የፋብሪካ ቢራ አብዛኛውን ጊዜ በጠርሙሱ እንዳለ እስከ 60 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል፤ እርሾ ቢተርፍ እንኳ ይሞታል። ዓባይን ሳይፈነዳ የሚሻገረው ስለዚህ ነው። የፓስተርን ስም ፈተና ላይ ጽፌ ማርክ አግኝቻለሁ፤ የአያቴን መዳፍ የጠየቀኝ መምህር ግን የለም።

በሚቀጥለው ዕረፍት በጀሪካን ሰጠችኝ፣ ክዳኑን ሳታጠብቅ። ፍቼ ስንደርስ ትንሽ ኮምጠጥ ብሎ ነበር። ከጎኔ ከተቀመጡት አዛውንት ጋር ጨረስነው።