የማህደረ ትውስታ እጥረት (ስርዓተ ክወና)

የማህደረ ትውስታ እጥረት በኮምፒዩተር ወይም በስልክ ላይ የተከፈቱ ፕሮግራሞች የሚፈልጉት ማህደረ ትውስታ መሣሪያው ካለው ራም ሲበልጥ የሚፈጠር ሁኔታ ነው። ስርዓተ ክወና አዲስ ራም ሊፈጥር አይችልም። ስለዚህ ያለው ምርጫ አዲስ ጥያቄን መከልከል፣ ሁሉንም ሥራ ማዘግየት ወይም አንዱን ፕሮግራም መዝጋት ነው። ስርዓተ ክወናዎች የሚለያዩት ከእነዚህ መካከል የትኛውን እንደሚያስቀድሙ ነው።

ምናባዊ ማህደረ ትውስታ

ስርዓተ ክወናው ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን የአድራሻ ክልል ይሰጠዋል። ይህ ክልል ምናባዊ ማህደረ ትውስታ ይባላል። ክልሉ ገጽ በሚባሉ እኩል ክፍሎች የተከፋፈለ ሲሆን በብዙ ኮምፒዩተሮች የአንድ ገጽ መጠን 4 ኪሎባይት ነው። አንድ ገጽ በራም ላይ ወይም በዲስክ ላይ ሊቀመጥ ይችላል፤ ፕሮግራሙ ግን ልዩነቱን አያውቅም። ይህ አሠራር በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ በ1962 እ.ኤ.አ. ሥራ በጀመረው አትላስ ኮምፒዩተር ላይ ታይቷል።

ቦታ ማስለቀቅ

ራም እየሞላ ሲመጣ ስርዓተ ክወናው በመጀመሪያ ቢወሰድ ጉዳት የሌለውን ቦታ ያስለቅቃል። ከዲስክ ተነብበው ያልተለወጡ የፋይል ቅጂዎች ወዲያውኑ ይጣላሉ፤ የተለወጡት ደግሞ ወደ ዲስክ ከተጻፉ በኋላ ይለቀቃሉ። ፕሮግራሙ ራሱ የፈጠራቸው ገጾች ስዋፕ ወደሚባለው የዲስክ ክፍል ይዛወራሉ።

ዲስክ ከራም እጅግ የዘገየ ነው። ገጾች በራምና በዲስክ መካከል ያለማቋረጥ ሲመላለሱ ማሽኑ ሥራውን ትቶ በማመላለስ ብቻ ይጠመዳል። ይህ ሁኔታ ትራሺንግ ይባላል፤ ፒተር ዴኒንግ በ1968 እ.ኤ.አ. ምክንያቱን አብራርቷል። ሌላው ዘዴ ገጾችን በራም ውስጥ እንዳሉ ማመቅ ነው። ማክኦኤስ ከ2013 እ.ኤ.አ.፣ ዊንዶውስ ደግሞ ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ ይህን ያደርጋሉ። በሊኑክስና በአንድሮይድ ተመሳሳዩን ሥራ ዜድራም ይሠራል።

መከልከል፦ ዊንዶውስ

ዊንዶውስ ለፕሮግራሞች የሚገባው ቃል ከራምና ከገጽ ፋይል ድምር አይበልጥም። ወሰኑ ላይ ከተደረሰ አዲስ ጥያቄ ይከለከላል። ጥቅሙ የተሰጠ ቃል አለመታጠፉ ነው። ጉዳቱ ግን የሚከለከለው እጥረቱን ያመጣው ፕሮግራም ላይሆን መቻሉ ነው፤ ጥያቄውን ዘግይቶ ያቀረበ ትንሽ ፕሮግራም ሊሆን ይችላል። ክልከላን ለማስተናገድ ያልተዘጋጀ ፕሮግራም ደግሞ ወዲያው ይቋረጣል።

መግደል፦ ሊኑክስ

ፕሮግራሞች አብዛኛውን ጊዜ ከሚጠቀሙበት በላይ ይጠይቃሉ። ሊኑክስ ይህን ስለሚያውቅ በተለመደው ቅንብሩ ካለው በላይ ቃል ይገባል፤ ባንክ አስቀማጮቹ ሁሉ በአንድ ቀን ገንዘባቸውን እንደማያወጡ ገምቶ እንደሚያበድር ማለት ነው። ራም የሚሰጠው ፕሮግራሙ ገጹን መጀመሪያ ሲነካው ነው።

ግምቱ ሳይሳካ ቀርቶ ሌላ የሚለቀቅ ቦታ ሲጠፋ ኦኦኤም ኪለር የሚባለው የከርነሉ ክፍል ሥራውን ይጀምራል። ለእያንዳንዱ ፕሮግራም በያዘው የማህደረ ትውስታ መጠን ልክ ነጥብ ይሰጣል፤ ከፍተኛ ነጥብ ያገኘውንም ይገድላል። የተገደለው ፕሮግራም ሥራውን ለማስቀመጥ ጊዜ አይሰጠውም። በሰርቨሮች ላይ ብዙ ቦታ የሚይዘው ዋናው የመረጃ ቋት ሊሆን ስለሚችል አስተዳዳሪዎች ነጥቡን ከ−1000 እስከ 1000 ባለው መለኪያ ያስተካክላሉ። −1000 የተሰጠው ፕሮግራም አይገደልም።

ኦኦኤም ኪለር የሚነሣበት ሌላው ቅሬታ መዘግየቱ ነው፤ ከርነሉ ጥቂትም ቢሆን ቦታ ማስለቀቅ እስከቻለ ድረስ ይጠብቃል፣ ማሽኑም በዚህ መካከል ለደቂቃዎች ሊደርቅ ይችላል። በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣው የከርነል እትም 4.20 ላይ ፕሮግራሞች ማህደረ ትውስታ በመጠበቅ የሚያባክኑትን ጊዜ የሚለካ ክፍል ተጨመረ። ሲስተምዲ-ኦኦኤምዲ ይህን መለኪያ በማየት ማሽኑ ሳይደርቅ አስቀድሞ እርምጃ ይወስዳል።

አንድሮይድ

በስልክ ላይ ፕሮግራም መዝጋት የዘወትር ሥራ ነው። አንድሮይድ መተግበሪያዎችን በደረጃ ያስቀምጣል፤ ከበስተጀርባ ያለ ሥራ የተቀመጡት በመጀመሪያ ይዘጋሉ፣ በስክሪኑ ላይ የሚታየው በመጨረሻ ነው። ስለሆነም እያንዳንዱ መተግበሪያ የደረሰበትን ቦታ አስቀድሞ እንዲያስቀምጥ ይጠበቃል። ይህን ያላደረገ መተግበሪያ፣ ተጠቃሚው በአጭር መልእክት የመጣ የማረጋገጫ ቁጥር አይቶ ሲመለስ ግማሽ የተሞላውን ቅጽ ባዶ አድርጎ ሊጠብቀው ይችላል።

ችግሩ ራማቸው አነስተኛ በሆነ ስልኮች ላይ ይበልጥ ይታያል። ጉግል በ2017 እ.ኤ.አ. 1 ጊጋባይት ወይም ከዚያ ያነሰ ራም ላላቸው ስልኮች አንድሮይድ ጎ የተባለውን ቀለል ያለ እትም አስተዋውቋል። በኢትዮጵያ ገበያ በሚታወቀው በቴክኖ ስም ከሚሸጡት ስልኮች መካከል በፖፕ ተከታታይ ውስጥ ያሉ በዚህ እትም የሚሠሩ አሉ። ለእንደዚህ ዓይነት ስልኮች መተግበሪያ የሚሠራ ባለሙያ መተግበሪያው በማንኛውም ሰዓት እንደሚዘጋ ቆጥሮ መነሣት አለበት።