ስሚዝ የሚባል ስም

ከእንግሊዝ የቤተ ሰብ ስሞች ሁሉ የበዛው ስሚዝ የሚባለው ነው፤ ትርጓሜውም ብረት ቀጥቃጭ ማለት ነው። ኖርማኖች በ1066 ዓ.ም. (እዚህ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) እንግሊዝን ከያዙ በኋላ፥ በቤተ ሰብ ስም መጠራት ቀስ በቀስ ጸና። በየመንደሩ ማረሻ የሚስል፥ ለፈረስ የብረት ጫማ የሚያበጅ ቀጥቃጭ ስለማይታጣ፥ የሙያው ስም የብዙ ቤት ስም ሆነ። ልጆቹ መዶሻውን ቢተዉም ስሙን አልተዉትም። ስሙ ባሕር ተሻግሮ፥ በ2010 በተደረገው የአሜሪካ ሕዝብ ቈጠራ ከ2 ሚሊዮን 400 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ሲጠሩበት ተገኝተዋል።

በዚህ ስም ከተጠሩት ዝነኞች መካከል ካፒቴን ጆን ስሚዝ በ1607 በቨርጂንያ የተመሠረተችውን ጄምስታውንን ሲመራ፥ የማይሠራ አይብላ ብሎ ደነገገ። ስኮትላንዳዊው አዳም ስሚዝም በ1776 ስለ ሕዝቦች ሀብት ባሳተመው መጽሐፍ፥ 10 ሠራተኞች ሥራውን ተከፋፍለው በቀን 48,000 ስፒል እንደሚያወጡ ገልጦ፥ የአገር ሀብት በተከማቸ ወርቅ ሳይሆን በሥራ እንደሚለካ አስረዳ።

የስሙን ትርጓሜ በትውልዱ ጭምር የያዘው ግን ዊልያም ስሚዝ ነው። በ1769 በኦክስፎርድሻየር፥ ቸርችል በተባለ መንደር ከቀጥቃጭ አባት ተወለደ። ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ መሬት ቀያሽ ሆነ። በሰመርሴት የድንጋይ ከሰል ማመላለሻ ቦይ ሲቆፈር፥ የምድር ንብርብር ሥርዓት እንዳለው፥ እያንዳንዱም ንብርብር በውስጡ ደንጊያ ሆነው በቀሩት ፍጥረታት ተለይቶ እንደሚታወቅ አስተዋለ። ከዚያም አገሩን ለዓመታት ዞሮ፥ በ1815 የእንግሊዝንና የዌልስን ከስኮትላንድም ከፊሉን የሚያሳይ የሥነ ምድር ካርታ አወጣ። ሆኖም ዕዳ ጸናበትና በ1819፥ በ50 ዓመቱ፥ ወኅኒ ወረደ። የለንደን የሥነ ምድር ማኅበር የመጀመሪያውን የዎላስተን ሜዳይ የሰጠው በ1831 ነበር፤ ፕሬዚዳንቱ አዳም ሴጅዊክም የእንግሊዝ ሥነ ምድር አባት ብሎ ሰየመው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ከወኅኒው እስከ ሜዳዩ 12 ዓመት አለፈ። በሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብ በቀጥቃጭ ስም ሲጠራ ሳያፍር፥ የቀጥቃጩ ልጅ ግን ክብሩን በስተርጅና አገኘ። የሙያን ስም መውረስ ቀላል ነው፤ ባለ ሙያውን በጉልበቱ ዘመን ዐውቆ ማክበር ግን የአስተዋይ ሕዝብ ሥራ ነው።